የአጎቴ መኪና ጭስ

መኪናን በድምፁ መለየት ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን አምጥተው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጉኝ። ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ስለነበር ገና ከአልጋ ሳልነሳ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና ሁሉ እሰማለሁ። ቁርስ ላይ፣ «ቅድም ያለፈችው ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። «ፍሪሲዮኗ አልቆ» እላለሁ። ልክ ስሆን ይስቃሉ፤ ስሳሳት እጄን ይዘው መናኸሪያ ይወስዱኝና ኮፋኖ አስከፍተው ያሳዩኛል። በኋላ ኮሌጅ ገብቼ አውቶ መካኒክ ስማር ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መምህሩ ሞተር አስነስቶ ሲጠይቅ ቀድሜ የምመልሰው ከደብተር አጥንቼ አልነበረም።

እሳቸው የሚነዱት ቅጥቅጥ ነበር፤ ከጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ አካል የተሠራለት መለስተኛ አውቶቡስ። መስመራቸው ደብረ ብርሃን–አንኮበር ነው። በዚያ መስመር የማያውቃቸው ሰው የለም። ለሕክምና የሚመጣው፣ ለክርስትና የሚሄደው፣ በጉን ሊሸጥ የወጣው ገበሬ፣ ጥምጥሙን ያስተካከለ ቄስ፣ ሁሉም በእሳቸው መኪና ነው። መድኃኒት በእሳቸው ይላካል፤ የሰርግ ጥሪ በእሳቸው ይላካል። አንድ ጊዜ አንዲት አራስ ከሆስፒታል ስትመለስ ጋቢና አስቀምጠዋት፣ እንዳትንገጫገጭ ብለው መንገዱን ሁሉ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብለው አድርሰዋታል። ከኋላ የተሳፈረው ሁሉ ረፍዶበት አንድም ሰው አልተናገራቸውም።

እኔ ጋራዥ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ የተሽከርካሪ መመርመሪያ ጣቢያ ተቀጠርኩ። ፍሬን አያለሁ፣ መብራት አያለሁ፣ መሪ እፈትሻለሁ። ያለፈው ቦሎ ይለጠፍለታል፤ የወደቀው ጠግኖ ይመለሳል። አጎቴ ለዓመታዊ ምርመራ ሲመጡ እንደ ሌላው ሰው ወረፋ ይይዛሉ። የሥጋ ዘመዴ ናት ብለው አንድም ቀን ውለታ ጠይቀውኝ አያውቁም። ሲጨርሱ ብቻ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ምሳ በልተሻል?» ይሉኛል።

ከዚያ የጭስ መለኪያው መጣ። ትልቅ ሻንጣ የሚያህል መሣሪያ ነው፤ ረጅም ቱቦ አለው። አብሮት አዲስ መመሪያ መጣ፤ ስለ ሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ቅነሳ የሚናገር። ስልጠና ተሰጠን። አሠራሩ ቀላል ነው። ቱቦው የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ይገባል፣ ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ መሣሪያው የጭሱን ጥቁረት በቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከተወሰነው ካለፈ ቦሎ የለም። ቦሎ ከሌለ መንገድ ላይ መውጣት የለም።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ከመናኸሪያ ጀርባ ያደገ ሰው ያንን ጭስ ከእንጀራ ጋር ነው የበላው። ደግሞ መዘዞ ያሉት የአባቴ ዘመዶች የበልግ ገብስ ዘርተው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ የከረሙበትን፣ በመጨረሻም የበቀለውን ለከብት የለቀቁበትን ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነገር አንድ የሚጨነቅ አካል ተገኘ፣ እኔም በትንሿ እጄ አገዝኩ ብዬ አሰብኩ። አዲሱን የሥራ ቱታዬን ለብሼ ከመሣሪያው አጠገብ ቆሜ ፎቶ ሁሉ ተነስቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ነው ነገሩ ያልገባኝ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በታች ካለ አገር ፋይሉን ወደ እኛ ሊያዛውር መጣ። በቅርቡ እዚያው ተለክቶ ያለፈበትን ወረቀት ይዟል። እኔ ስለካው ወደቀ። ሁለቴ ለካሁት፤ ወደቀ። ሰውየው አልተቆጣም፤ ሳቀብኝ። «እህቴ፣ የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ እኮ እኔም ያፍነኛል። እሱስ ሰው አይደል እንዴ?» አለኝ የመኪናውን ኮፋኖ በመዳፉ እየመታ።

እቤቴ ገብቼ አሰብኩት። ትክክል ነበር። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር አየር ሲያንሰው ናፍጣውን አቃጥሎ አይጨርስም፤ ያልተቃጠለው በጥቁር ጭስ ይወጣል። በመመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ግን ለቆላውም ለደጋውም አንድ ነው። ይህን በሁለት ገጽ ጽፌ፣ የለካኋቸውን መኪኖች ውጤት አያይዤ ለኃላፊዬ ሰጠሁት። ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ አንብቦ ፈርሞ ወደ ላይ ላከው። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ መመሪያው እንደወረደ ይተግበር የሚል።

እንደወረደ ተገበርነው። በየቀኑ «አላለፈም» የሚል ማኅተም እመታ ነበር። ቅጥቅጦቹ፣ አሮጌዎቹ ሚኒባሶች፣ ከጫጫ እህል የሚያመላልሱት የጭነት መኪኖች፣ ብዙዎቹ ወደቁ። በሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መናኸሪያው ጸጥ ብሏል። ያለፈውም የወደቀውም ሥራ አቁሟል፤ ሹፌሮቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት መንገዱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት ስለኖርን ሰው መጀመሪያ የደነገጠው ያ መስሎት ነበር። «ምን ተፈጠረ? ምን ተፈጠረ?» ይላል መንገደኛው። «ኧረ የጭስ ጉዳይ ነው» ይሉታል። «የምን ጭስ?» ይላል።

ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። የከተማው አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ ሹፌር፣ ባለንብረት፣ ነጋዴ፣ ገበሬ። መድረኩ ላይ ከላይ የተላከ አንድ ኃላፊ፣ የእኔ ኃላፊና እኔ ተቀመጥን። ከላይ የመጣው ወጣት ሰው ነው፤ የብርዱን ነገር አላወቀም መሰል ስስ ኮት ለብሶ እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ያሻል። ከመጀመራችን በፊት ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ የቴክኒክ ጥያቄ ከመጣ ብቻ ትመልሻለሽ» አለኝ።

ንግግሩን ጀመረ። «የዓለም ሙቀት ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሆኑ ይታወቃል» ሲል ከኋላ አንድ ሰው ጮኾ፣ «እኛም እዚህ እስኪደርስ እየጠበቅነው ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በዚያ ብርድ ማን አይስቅም? እኔም ከንፈሬን ነከስኩ።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ገበሬ ተነሳ። «እኔ መኪና የለኝም» አለ። «ባቄላዬን ግን ያለ ወሩ የመጣ ውርጭ በአንድ ሌሊት አጥቁሮት ሄደ። እናንተ ሙቀት ትላላችሁ። የእኔን ባቄላ ሙቀት ነው የገደለው?» ሰው እንደገና ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። የምሩን ነበር የጠየቀው። መልስ ነበረኝ። ሰማዩ ሥርዓቱን ሲያጣ ሙቀቱም ውርጩም ዝናቡም አብረው ጊዜያቸውን ይስታሉ ብዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ጥያቄው ግን የቴክኒክ አልነበረም። ከላይ የመጣው ሰው፣ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» አለና አለፈው። ገበሬው እንደቆመ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ተቀመጠ።

ከዚያ አጎቴ ተነሱ። ሹፌሮቹ እንዲናገሩላቸው መርጠዋቸዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ ጭስ ጥሩ ነው አልልም» አሉ። «ጭሱን ከእናንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ማታ ማታ የሚያስለኝ እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ መኪናዬን ባቆም የአንኮበር ሰው በምን ይሄዳል?»

«በሂደት ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እንሸጋገራለን» አለ ኃላፊው።

«እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ፣ መብራት ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነው!» አለ አንዱ ከመሐል። ሳቁ አሁን ቁጣ ነበረበት። እርስ በርስ መነጋገር ተጀመረ፤ «ጭሱን የለቀቁት ፈረንጆቹ፣ የምንጠየቀው እኛ» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። አጎቴ እጃቸውን ከፍ አድርገው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ባለሙያዋን ልጠይቅ» አሉ። «እርስዎ።»

በሕይወቴ እርስዎ ብለውኝ አያውቁም። አንቺ ነበርኩ፣ ልጄ ነበርኩ፣ ሲቆጡ ደግሞ አንቺ ድንጋይ ራስ። አዳራሹ ውስጥ የዝምድናችንን ነገር የሚያውቅ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ በሚለኩበት መሣሪያ የእኔ መኪና እዚህ ብትለካና ቆላ ወርዳ ብትለካ የሚወጣው ቁጥር አንድ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «እዚህ ይበዛል።»

«ለምን?»

«አየሩ ስስ ስለሆነ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። አጎቴ ጠበቁ። «ታዲያ ይህን ለበላይ አካል ነግረዋል?»

ነግሬያለሁ። ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። መልሱም ኪሴ ውስጥ ነበር። ኃላፊዬ ፊቱ ያለውን ወረቀት ያያል፤ ከላይ የመጣው ሰው እኔን ያያል። እውነቱን ብናገር ኃላፊዬን ማጋፈጤ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈርሞ ከመላክ በቀር ያጠፋው ነገር የለም። ሥራዬንም አሰብኩ፤ አልዋሽም። ያኔ ከአፌ የወጣው በየቢሮው ስሰማው የምጠላው ቃል ነው።

«ጉዳዩ እየታየ ነው።»

አጎቴ ትንሽ አዩኝ። «አመሰግናለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ተቀመጡ።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ስወጣ በመናኸሪያው በኩል አለፍኩ። አንዲት እናት በሲሚንቶው አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ሰኞ ዕለት ከሆስፒታል ወጥተው የአንኮበር መኪና ሲጠብቁ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት አንዲት ሻይ ሻጭ አሳድራቸዋለች። አቧራ እንዳይነካዎት ተብለዋል፤ እሳቸው ግን አቧራው መሐል ነው ያሉት። ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው።

ራት እስኪደርስ አልጋዬ ላይ ጋደም አሉ። «ለምንድነው ሹፌሮቹ ያኮረፉት?» አሉኝ።

«መንግሥት መኪናው ጭሱን ካልቀነሰ አይነዳም አለ፤ እነሱ ደግሞ ከየት አምጥተን እንቀንስ አሉ።»

«ጭሱ ምን አደረገ?»

ስለ ሰማዩ፣ ስለ በልጉ፣ በዓለም ዙሪያ ስላለው መኪናና ፋብሪካ፣ እንደምችለው ነገርኳቸው። በአንድ ዓይናቸው እያዩኝ በትዕግሥት ሰሙኝ። በልግ መጥፋቱን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እነሱም አገር ቀርቷል። «ታዲያ ማን ነው እውነቱን የያዘው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሁለቱም ጋ እውነት አለ እማማ።»

«እህ» አሉ። «እኔን ማን ይወስደኛል ታዲያ?»

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌ ገብቶ ሥራ ማቆሙ ተፈታ። የሁለት ወር ጊዜ ተሰጠ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም አስጠግኖ ይቅረብ ተባለ። እማማን በአጎቴ መኪና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። አጎቴ ደህና አደርሽ ብለውኝ፣ የእማማን ፌስታል ተቀብለውኝ ሄዱ። ስለ ስብሰባው ምንም አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። ይቅርታ ልል ሦስት ጊዜ ያህል ቤታቸው ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለሌላ ነገር አውርተን ተመለስኩ።

በሁለት ወሩ ውስጥ የሆነውን ለመናገር አፍራለሁ። ሹፌሮቹ ዘዴ አገኙ። የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ጠበቅ ያደርጉና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ እንዲያንስ ያደርጋሉ። እንዲህ የተደረገ መኪና አያጨስም፤ ዳገትም አይወጣም። ወደ እኛ ጋ በሜዳው እየተጎተተ ይመጣል፣ ይለካል፣ ያልፋል። ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ጋራዥ ተመልሶ ብሎኑን ያስላላል። ገና ከበር ሲገባ በድምፁ አውቀዋለሁ። ለኃላፊዬ ነገርኩት። «መሣሪያው ስንት አለ?» አለኝ። ነገርኩት። «በቃ እሱን ጻፊ» አለኝ። እኔም ጻፍኩ። እንዲህ እያልን ብዙ መኪና አሳለፍን፤ ሪፖርታችን ላይ የልቀት ቅነሳው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነበር።

አጎቴ ግን ብሎን አላስነኩም። መካኒኩ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ለምኗቸዋል፤ ሚስታቸውም ለምነዋል። ኢንጄክተሩን አስጠርገዋል፣ ፊልትሮ ቀይረዋል፣ የሚደረገውን ሁሉ አድርገዋል። የመጨረሻው ቀን ጠዋት ወረፋ ይዘው መጡ። ተራቸው ሲደርስ ቱቦውን ይዤ ወደ መስኮታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋራዡ እዚሁ ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወረፋዎን እጠብቅልዎታለሁ።»

«ምኑን?» አሉ። አውቀውታል።

«ሁሉም አድርጎታል።»

«አውቃለሁ። እኔ አንቺ ፊት ተቀምጬ አንቺን አላታልልም። ለኪ።»

ለካሁ። ነዳጁን ሲረግጡ ምንም አልቆጠቡም፤ እስከ ወለሉ ነው የረገጡት። ወደቁ። ማርሚታው በደንብ ይሙቅ ብዬ እንደገና አስረገጥኳቸው። ወደቁ። ሦስተኛውን ጊዜ ቱቦውን ከማርሚታው ትንሽ ራቅ አድርጌ ልይዘው እጄ ሄዶ ነበር። ቀና ስል በስፖኪዮ እያዩኝ ነው። ቱቦውን በደንብ አስገባሁት። ቁጥሩ ከተወሰነው የበለጠው በጥቂት ነበር፤ ቆላ ብንሆን መኪናዋ ታልፍ ነበር። ቅጹን አውጥቼ፣ በቃሌ የማውቀውን የታርጋ ቁጥሯን ሄጄ አየሁ።

«ጻፊ ልጄ፤ ሰው ከኋላ እየጠበቀ ነው» አሉኝ።

ጻፍኩ። ማኅተሙን መታሁ። ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ምሳ በልተሻል ወይ አላሉኝም።

መኪናዋ ወር ያህል ከግቢያቸው ውጭ ቆመች። ጎማዋ መተንፈስ ሲጀምር ከቆላ የመጣ አንድ ሰው ገዛት። የወሰዳት ጠዋት ሄጄ ነበር። አጎቴ አጠገቡ ተቀምጠው ሦስተኛ ማርሿ እንዴት እንደምታስቸግር፣ ብርድ ሲሆን እንዴት እንደምትነሳ አንድ በአንድ አሳዩት። ሰውየው አዎ አዎ ይላል። ወርደው በሩን ራሳቸው ዘጉለት። ሰውየው በአንኮበር በኩል አድርጎ ወደ አልዩ አምባ ሊወርድ ነው፤ እነሱ ዘንድ ያለው ጣቢያ ቢለካትም ታልፋለች። ዳገቱን ስትይዝ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። የሠፈሩ ሰው ሁሉ አየው። ጭሱ ያው ነው፤ የሄደው ወደ ሌላ አገር ነው። ይህን ሁሉ ያደረግነው ለአንድ ሰማይ ነው ተብሎ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ተጨማሪ ጥናት እስኪደረግ የጭስ ልኬቱ ቦሎ ለመከልከል ምክንያት እንዳይሆን ይላል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ያ ሁለት ገጼ ደርሶ እንደሆነ፣ ሥራ ማቆሙ አስፈርቷቸው እንደሆነ፣ ወይም አንዱ ኃላፊ ተቀይሮ እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ኃላፊዬ ደብዳቤውን አንብቦ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም። መሣሪያውን ጨርቅ አለበስነውና ግድግዳ ሥር አስቀመጥነው።

ያን ዕለት አጎቴ ቤት ሄድኩ። ከቤቱ ፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ሰምቻለሁ» አሉኝ ገና አፌን ሳልከፍት።

«ጋሼ፣ እኔ...» አልኩ።

«ተይው። አንቺ ምን ታደርጊ ነበር? እኔስ ምን አደርግ ነበር?» ቦታ ለቀቁልኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጭሱንም ቢሆን ሰማዩንም ቢሆን የውሸት ነው አላልኩም። እንዲያው የሚጠይቀን ሰው አጣን እንጂ» አሉ። ከዚያ ስለ ሚስታቸው ጉልበት ሕመም አወሩኝ።

ባለፈው ጾም መግቢያ ላይ የልጅነት ጓደኛቸው አንኮበር ሞቱ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። አጎቴ ነጠላቸውን ለብሰው፣ እኔም ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ገና በማለዳ መናኸሪያ ደረስን። በዚያ መስመር የቀሩት መኪኖች ጥቂት ናቸው፤ እሳቸው ብቻ አይደሉም የሸጡት። የመጀመሪያዋ ሌሊቱን ሞልታ ሄዳለች። ሁለተኛዋ ተበላሽታ አልመጣችም። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ እጅ አሳየን፤ ከላይ ሰው እስከ ጫፉ ተደርድሮበት ስለነበር ሹፌሩ እጁን እያወዛወዘ አለፈን። አጎቴን አውቋቸው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ እንደማለት አደረገ።

አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። አጎቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቢቀርስ?» አሉ። «ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ። የቀብሩ ሰዓት፣ ስድስት፣ ሲደርስ ተነስተው ፊታቸውን ወደ አንኮበር መልሰው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና ሦስት ጊዜ አማተቡ። አግዳሚው ላይ ያሉት መንገደኞች ነገሩ ገብቷቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ፣ «በይ እንሂድ» አሉኝ፤ ወደ ቤት ተመለስን።